«ቺፑ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የዩኤስቢኤስፒ ፕሮግራመር አተካከልና የችግሮቹ አፈታት

ባለፈው ክረምት አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ፣ አራት ኪሎ ወዳለችው ጠባብ የሥራ ክፍሌ አንድ ሰሌዳ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ሰሌዳው የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ሌሊት ውኃ ሲመጣ ፓምፑን አስነሥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል፤ ሮቶው ሲሞላ ደግሞ ራሱ ያጠፋል። ንድፉ የታሰበበት ነው፤ ብየዳውም ንጹሕ ነው። ልጁ ግን ተስፋ ቆርጧል። «ጋሼ፣ ይህ ሦስተኛው ቺፕ ነው፤ ይህም ሞተ» አለኝ።

ሦስቱም አልሞቱም ነበር። ኪሱ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልሎ የያዛቸውን ሁለቱንም አውጥቶ ሰጠኝና፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሦስቱም በየተራ ስማቸውን ተናገሩ። የተቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ፕሮግራመሩ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ቺፑ ፕሮግራም የሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ የሚናገርበት ፍጥነት።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት እንደዚያ ልጅ ላሉት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ቺፕ ሲበላሽ ነገ ጠዋት ሌላ ይመጣል ማለት አይቻልም፤ ፒያሳና መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ተዞሮ ካልተገኘ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ስለዚህ ደህናውን ቺፕ ሞቷል ብሎ መጣል የሚያስቆጭ ኪሳራ ነው። በእኔ ገበታ ላይ «አልመልስም» ካሉኝ ቺፖች አብዛኞቹ ጥፋታቸው የገመድ፣ የኃይል ወይም የፍጥነት ሆኖ ተገኝቷል። መመሪያው በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ እያንዳንዱን ደረጃ ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አንድ ነገር ስለ አጻጻፉ። የትዕዛዞቹንና የቁጥሮቹን የላቲን ፊደላት በአማርኛ አነባበባቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ ላቲኑን ተጠቀሙ። 1ኢ ወይም 0ኤፍ የሚሉ ቁጥሮች ስታዩ ደግሞ አሥራ ስድስትን መሠረት ያደረጉ ቁጥሮች መሆናቸውን አስታውሱ።

መሣሪያው ምንድን ነው?

የምንነጋገረው ኤቪአር ስለሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች፣ ማለትም የተጫነባቸውን ፕሮግራም እየተከተሉ ሌላ መሣሪያ ስለሚቆጣጠሩ ቺፖች ነው። በኖርዌይ የተፀነሱ፣ አትሜል የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያበቃቸው፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ አትሜልን የገዛው ማይክሮቺፕ የሚያመርታቸው ናቸው። በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለው አትሜጋ328ፒ ከእነርሱ አንዱ ነው።

እነዚህን ቺፖች ከሰሌዳቸው ሳይነቅሉ፣ ባሉበት ፕሮግራም ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ስድስት ሽቦ ይበቃል። ሪሴት የሚባለው እግር ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ ቺፑ የራሱን ሥራ አቁሞ ለመስማት ይዘጋጃል። ከዚያ ፕሮግራመሩ በሞሲ መስመር ይናገራል፣ ቺፑ በሚሶ መስመር ይመልሳል፣ ኤስሲኬ ደግሞ ለሁለቱም ምት ይመታል። የቀሩት ሁለቱ ቪሲሲና ግራውንድ፣ ማለትም አዎንታዊ ኃይልና መሬት ናቸው።

ዩኤስቢኤስፒ ቶማስ ፊሽል የነደፈውና ንድፉን ለማንም ክፍት ያደረገው ፕሮግራመር ነው። ክፍት በመሆኑ በርካሽ የሚገለበጥ ሆነ፤ እኛ እጅ የሚገባውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቅጂው ነው። ቅጂ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። ጥቂት ልዩነቶቹን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በየቦታቸው እነግራችኋለሁ።

ከእርሱ ሌላ የሚያስፈልጓችሁ ድምፅ እያሰማ የሽቦ ቀጣይነት የሚለካ መልቲሜትር፣ አንድ ኤልኢዲ መብራት፣ አንድ የ1 ኪሎ ኦምና አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች ናቸው። በፕሮግራመሩ በኩል ቺፑን የሚያነብና የሚጽፍበትን ኤቪአርዱድ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ደህና በሆነ ሰዓት ቀድማችሁ አውርዱት፤ ትንሽ ነው።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩ ፕሮግራመሩን ይወቀው

በዚህ ደረጃ ሰሌዳውን አታገናኙ። ፕሮግራመሩን ብቻውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ዩኤስቢኤስፒ ከቢጫ የቃል አጋኖ ምልክት ጋር ብቅ ይላል። ድራይቨር ስለሌለው ነው። ዛዲግ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ከዝርዝሩ ዩኤስቢኤስፒን ምረጡ፤ ከድራይቨሮቹ ሊብዩኤስቢኬን መርጣችሁ ጫኑ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ዛዲግ ሁሉንም መሣሪያዎች እንዲያሳይ ካደረጋችሁት የማውሱንና የቁልፍ ሰሌዳውንም ስም ይዘረዝራል፤ በስሕተት የማውሱን ድራይቨር የቀየረ ሰው ማውሱን ያጣል። ከመጫናችሁ በፊት መለያ ቁጥሩ 16ሲ0 እና 05ዲሲ መሆኑን አንብቡ።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨር አያስፈልግም። የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ ስትሰጡ እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ካያችሁ መሣሪያው ታውቋል። ከዚያ በኋላ ኤቪአርዱድ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ከሰጠ ችግሩ የሥልጣን ነው። ለጊዜው በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ማስኬድ ይቻላል። ዘላቂው መፍትሔ ግን በዩዴቭ ደንቦች ማኅደር ውስጥ ለእነዚህ ሁለት መለያ ቁጥሮች ሞድ 0666 የሚሰጥ የአንድ መስመር ደንብ ጽፎ፣ መሣሪያውን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው።

መለያ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ከሆነስ? ይህ እኔንም ሁለት ቀን ሥራ አስፈትቶኛል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ፕሮግራመር ሰሌዳው፣ ቀለሙ፣ ጽሑፉ ሁሉ ዩኤስቢኤስፒ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ቁልፍ ሰሌዳና ማውስ ዓይነት መሣሪያ አድርጎ ተቀበለው፤ ድራይቨርም አልጠየቀም። ኤቪአርዱድ ደግሞ «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» ይላል። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ሌላ ነበር፤ ፕሮግኢስፕ ከተባለ ሌላ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ጋር ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የተጫነ። መፍትሔው በውስጡ ያለውን ቺፕ በሌላ ፕሮግራመር አማካይነት በትክክለኛው የዩኤስቢኤስፒ ሶፍትዌር መሙላት ነው። ሰሌዳው ላይ ጄፒ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ሁለቱን ነጥቦች ስታገናኙ የፕሮግራመሩ የራሱ ቺፕ ፕሮግራም ለመደረግ ዝግጁ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ማላቀቁን አትርሱ።

ሌላ ፕሮግራመር ከሌላችሁ አርዱዊኖ ኡኖ ይተካል። ከአርዱዊኖ ሶፍትዌር ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች ውስጥ አርዱዊኖአይኤስፒ የሚለውን ጫኑበት፤ 10ኛው እግር ወደ ሪሴት፣ 11ኛው ወደ ሞሲ፣ 12ኛው ወደ ሚሶ፣ 13ኛው ወደ ኤስሲኬ ይሄዳል። ምሳሌውን ከጫናችሁ በኋላ፣ ቀድማችሁ ሳይሆን በኋላ፣ በኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መካከል የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ባነጋገረው ቁጥር ራሱን ዳግም ያስነሣል።

ሁለተኛ፦ ገመዱ

ብዙ ሰው ይህን በችኮላ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ረዘም ላለ ጊዜ መቆም የምፈልገው እዚህ ነው።

ከፕሮግራመሩ የሚወጣው ጠፍጣፋ ገመድ አሥር ሽቦ አለው። በአንዱ ጠርዝ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ እርሱ አንደኛው ነው። ፕላስቲኩ መሰኪያ ላይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አንደኛውን እግር ያሳያል። በፕሮግራመሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን መሰኪያ ከፊት ለፊት ስታዩት፣ ቁጥሩ በሁለት ረድፍ አንዱን ጎዶሎ አንዱን ሙሉ እያደረገ ይሄዳል። 1 ሞሲ ነው፤ 2 ቪሲሲ፤ 5 ሪሴት፤ 7 ኤስሲኬ፤ 9 ሚሶ። 4፣ 6፣ 8 እና 10 በመሠረቱ ግራውንድ ናቸው፤ ይሁንና በአንዳንድ ቅጂዎች 4 ለሌላ ተግባር ስለሚውል 10ን ተጠቀሙ። 3 ባዶ ነው።

በሰሌዳችሁ ላይ ባለ ስድስት እግር መሰኪያ ካለ አቀማመጡ ሌላ ነው፦ 1 ሚሶ፣ 2 ቪሲሲ፣ 3 ኤስሲኬ፣ 4 ሞሲ፣ 5 ሪሴት፣ 6 ግራውንድ። ልብ በሉ፤ በአሥሩ መሰኪያ አንደኛው ሞሲ ነበር፣ በስድስቱ አንደኛው ሚሶ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ይኸውና። ነጠላ ሽቦዎች ለመሰካት የገመዱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ ስታዞሩት፣ የምታዩት የመሰኪያውን መስታወታዊ ምስል ነው። ግራው ቀኝ ሆኗል። ዕቅዱን ከወረቀት ላይ እያያችሁ በቀጥታ ካስተላለፋችሁት ሞሲ በሚገባበት ቦታ ቪሲሲ ይገባል። ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ። መልቲሜትሩን ወደ ድምፅ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በፕሮግራመሩ ሰሌዳ ላይ ባለው እግር፣ ሌላውን በሌላኛው የገመድ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ሽቦ አስጮኹ። ሲጮኽ በትንሽ ወረቀት ስሙን ጽፋችሁ ሽቦው ላይ ለጥፉ። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ደግሞ ጎረቤታሞቹ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው አለመነካካታቸውን ለኩ፤ በርካሽ ገመዶች መሰኪያው ሲጨመቅ ሁለት ሽቦ አንድ ላይ መውጋት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ቺፑ። አትሜጋ328ፒ ባለ 28 እግሩ ሆኖ፣ ቅርፊቱ ላይ ያለው ግማሽ ጨረቃ ወደ ላይ ሲሆን፣ ከግራ ከላይ 1 ብላችሁ ወደ ታች ቁጠሩ፤ ከግርጌ ዞራችሁ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ውጡ። ሪሴት 1 ነው። ሞሲ 17፣ ሚሶ 18፣ ኤስሲኬ 19። አዎንታዊው ኃይል ወደ 7 እና ወደ 20 ይገባል፤ ግራውንድ ወደ 8 እና ወደ 22። 20ን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። «ለአናሎግ ብቻ ነው፤ አናሎግ አልጠቀምም» የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም፤ ሁለቱም ይገናኙ። ከ1ኛው እግር ወደ አዎንታዊው ኃይል የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ፤ በ7 እና 8 መካከል፣ እንዲሁም በ20 እና 22 መካከል የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከቺፑ ሥር አስቀምጡ። ጠቅላላው የገመድ ርዝመት ከ20 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ ኃይሉ ከየት ይምጣ?

ኃይል የሚሰጠው አንድ ብቻ ይሁን። ወይ ፕሮግራመሩ፣ ወይ የሰሌዳው የራሱ ኃይል። ሰሌዳው በራሱ 5 ቮልት እየሠራ ሳለ የፕሮግራመሩንም ቪሲሲ ካገናኛችሁ ሁለቱ ይገፋፋሉ፤ ሊጎዳ የሚችለው ደግሞ የላፕቶፓችሁ የዩኤስቢ ወደብ ነው። በፕሮግራመሩ ላይ ጄፒ1 የሚለውን ጃምፐር (እግሮችን የምታገናኝ ትንሽ ቆብ) ብታወጡት የቪሲሲው መስመር ይቋረጣል። ግራውንድ ግን ምንጊዜም የጋራ መሆን አለበት።

በብዙዎቹ ቅጂዎች ጄፒ1 በ5 ቮልትና በ3.3 ቮልት መካከል የሚመረጥበት ነው። ይህ ያታልላል። 3.3ን ስትመርጡ የሚቀየረው በቪሲሲ ሽቦ የሚወጣው ኃይል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሞሲና ኤስሲኬ አሁንም በ5 ቮልት ይመታሉ። 3.3 ቮልት ብቻ የሚችል የሬዲዮ ሞጁል ወይም የሚሞሪ ካርድ በእነዚያ መስመሮች ላይ ካለ መጀመሪያ አውጡት።

ስለ 220 ቮልት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። የተማሪው ሰሌዳ ፓምፕ የሚያስነሣ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ አለው፤ የሪሌዩ ትራንዚስተር የተሰካው 17ኛው እግር፣ ማለትም ሞሲ ላይ ነበር። ፕሮግራም በሚደረግበት ጊዜ ሪሌዩ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ፓምፑ ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣና ይጠፋ ነበር። ስለዚህ የግድግዳውን መብራት ነቅላችሁ ሥሩ። ሰሌዳው ትራንስፎርመር ሳይኖረው 220ውን በካፓሲተር ብቻ ቀንሶ የሚጠቀም ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቶ ሳለ ፕሮግራመር ፈጽሞ አታስጠጉበት። የዚያ ሰሌዳ «ግራውንድ» የመብራት ሽቦው ራሱ ነው፤ ላፕቶፑንም እናንተንም ይመታል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነህ?» ነው

ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ቺፑ ስሙን ይናገር። ማንኛውም ኤቪአር በውስጡ የማይጠፋ ባለ ሦስት ባይት መለያ አለው። የአትሜጋ328ፒ መለያ 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። የአትቲኒ85 1ኢ 93 0ቢ፣ የአትሜጋ8 ደግሞ 1ኢ 93 07።

በትዕዛዝ መስኮቱ ላይ ኤቪአርዱድ ብላችሁ ሦስት አማራጮች ጨምሩ፤ እያንዳንዱ አማራጭ ከፊቱ ጭረት አለው። በትንሹ ሲ የፕሮግራመሩን ስም፣ ዩኤስቢኤስፒ። በትንሹ ፒ የቺፑን ስም፣ ኤም328ፒ። ሦስተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው፤ በትልቁ ቢ 10 ብላችሁ ጻፉ። ትንሹ ቢ ሌላ ትርጉም ስላለው አታምታቱ።

ትልቁ ቢ የኤስሲኬ አንድ ምት ስንት ማይክሮሰከንድ ይፍጅ የሚለውን ይወስናል፤ የተማሪውም ጥፋት እዚህ ነበር። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ አትሜጋ328ፒ በውስጡ ባለው 8 ሜጋኸርዝ ማመንጫ ይነሣል፤ ያም ለስምንት ተካፍሎ 1 ሜጋኸርዝ ይሆናል። የቺፑ ሕግ ደግሞ የኤስሲኬ ፍጥነት ከቺፑ ፍጥነት አንድ አራተኛ በታች ይሁን ይላል። ይህም ከ250 ኪሎኸርዝ በታች ማለት ነው። ዩኤስቢኤስፒ ካልተነገረው በስተቀር የሚናገረው በ375 ኪሎኸርዝ ነው። ቺፑ ደህና ነው፣ ገመዱ ደህና ነው፤ ግን ከሚሰማው በላይ ይጣደፍበታል። 10 ስትሉት ወደ 94 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወርድና በእርጋታ ይግባባሉ።

የፕሮግራመሩ ሶፍትዌር አሮጌ ከሆነ «የኤስሲኬን ፍጥነት መቀየር አልቻልሁም፤ ሶፍትዌሩን አድስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ሥራ አያቆምም፤ ፍጥነቱ ግን አልተቀየረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ጄፒ3ን አገናኙ፤ ኤስሲኬ ወደ 8 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። በቅጂዎቹ ላይ ጄፒ3 ብዙውን ጊዜ እግር ያልተበየደበት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሁለት እግር በይዱበት።

መልሱን ማንበብ

ትክክለኛው መለያ ከመጣ ወደ መጻፍ እለፉ። ካልመጣ መልሱ ራሱ የት እንደምትፈልጉ ይጠቁማል።

«ዒላማው አይመልስም» የሚለው በጣም የተለመደው ነው። ፕሮግራመሩ ታውቋል፤ ቺፑ ግን ዝም ብሏል። መጀመሪያ ከቺፑ እግር ላይ፣ በ7 እና በ8 መካከል ቮልቴጁን ለኩ፤ ፕሮግራመሩ ጋ ሳይሆን እዚያው ቺፑ እግር ላይ። ብረድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ከሆነ ሽቦው የተሰካ መስሎ ያልነካ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ከ10 ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 120። ያም ካልሠራ ሪሴቱን ፈትኑ። የኤልኢዲውን ረጅም እግር በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከ5 ቮልት ጋር፣ አጭሩን ከሪሴት መስመር ጋር አገናኙ። ትዕዛዙን በሰጣችሁ ቁጥር ኤልኢዲው ለቅጽበት ብልጭ ማለት አለበት። ብልጭ ካላለ ሪሴቱ ከፕሮግራመሩ አልወጣም ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ዲጂታል መልቲሜትር ይህን ቅጽበት ለመያዝ ስለሚዘገይ ነው ኤልኢዲ የምመርጠው። ሲያበቃ አውጡት።

መለያው ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ ሆኖ ከመጣ ወደ ሚሶ ሂዱ። ሁሉም ዜሮ ከሆነ መስመሩ ወደ ግራውንድ ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ኤፍኤፍ ከሆነ ተንጠልጥሎ።

መለያው ባነበባችሁ ቁጥር የሚለዋወጥ ከሆነ ግንኙነቱ አለ፣ ንጽሕና ግን የለውም። ገመዱን አሳጥሩ፣ ካፓሲተሮቹን አረጋግጡ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። በዚህ ጊዜ ኤስሲኬ ወይም ሚሶ ላይ ሌላ ነገር መኖሩንም እዩ። በተመሳሳይ መስመሮች የሚናገር ሌላ ሞጁል ካለ፣ የእርሱ የመምረጫ እግር በ10 ኪሎ ኦም ወደ አዎንታዊው ካልተሳበ በቺፑ ንግግር መካከል ጣልቃ ይገባል።

መለያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ግን ከምትጠብቁት የተለየ ከሆነ የተገዛው ቺፕ ሌላ ነው። 1ኢ 95 14 ፒ የሌለው አትሜጋ328 ነው፤ 1ኢ 95 16 ደግሞ 328ፒቢ። ሻጩም ላያውቀው ይችላል። በትዕዛዙ ውስጥ የቺፑን ስም አስተካክሉ። ትልቁ ኤፍ የተባለው «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚል አማራጭ መኖሩን ከኢንተርኔት ብታገኙም አትጠቀሙበት፤ የመጣውን ስም መቀበል ይሻላል።

አምስተኛ፦ መጻፍ

ትልቁ ዩ የሚባለው አማራጭ አራት ነገሮችን በሁለት ነጥብ እየለየ ይቀበላል፦ የትኛው የማስታወሻ ክፍል፣ ምን ይደረግ፣ የትኛው ፋይል፣ በምን ዓይነት ቅርጽ። ፕሮግራም ለመጻፍ ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ክፍል)፣ ቀጥሎ ደብልዩ፣ ቀጥሎ መጨረሻው ሄክስ የሆነው የፋይላችሁ ስም፣ ቀጥሎ አይ። ኤቪአርዱድ ቺፑን አጥፍቶ፣ ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል።

መብራት እየጻፋችሁ ሳለ ቢጠፋ አትደንግጡ። ይህ ዘዴ በቺፑ ውስጥ ባለ ሌላ ፕሮግራም ላይ አይደገፍም፤ ግማሽ የተጻፈ ቺፕ እንደገና ይጻፍበታል፣ አለቀ። ሁለት ነገር ግን ጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፊውዝ (የቺፑን ጠባይ የሚወስኑ ባይቶች፤ በስድስተኛው ክፍል አብራራለሁ) በምትጽፉበት ሰዓት ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቺፑ ሲጠፋ ኢኢፕሮም የተባለው የመረጃ ማስቀመጫም አብሮ ይጠፋል። የሮቶው መቆጣጠሪያ የሙሉና የባዶ ልኬቱን የያዘው እዚያ ነበር፤ ልጁ ፕሮግራሙን ባሻሻለ ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንደገና ይለካ ነበር። ከፍተኛውን ፊውዝ ከዲ9 ወደ ዲ1 ቀየርንለት፤ ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ሳይነካ ይቀራል።

ማመሳከሩ ገና በመጀመሪያው ባይት ላይ ከወደቀና መለያው በትክክል የሚነበብ ከሆነ፣ ቺፑ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በትንሹ ኢ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ድገሙት። መካከል ላይ ከወደቀ ኃይሉ እየወረደ ነው ወይም ሽቦ ላልቷል።

ስድስተኛ፦ ፊውዝ

ስሙ ያሳስታል። ይህ የቤታችን ቆጣሪ ላይ እንደሚቃጠለው ፊውዝ አይደለም፤ የቺፑን ጠባይ የሚወስኑ ሦስት ባይቶች ናቸው። አዲስ አትሜጋ328ፒ ዝቅተኛው 62፣ ከፍተኛው ዲ9፣ ተጨማሪው ኤፍኤፍ ሆኖ ይመጣል። ተጨማሪው በአንዳንድ የኤቪአርዱድ እትሞች 07 ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ጥቅም ላይ የማይውሉት ቢቶች አነባበብ ስለሚለያይ ነው፤ ስሕተት አይደለም። በፊውዝ ዓለም ዜሮ ማለት «በርቷል»፣ አንድ ማለት «ጠፍቷል» ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ሦስቱንም አንብባችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የምትቀይሩትን አንዱን ብቻ ቀይሩ፤ መለያውን ደግማችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ዝቅተኛውን ከ62 ወደ ኢ2 ስትቀይሩ ቺፑ በውስጡ ማመንጫ በሙሉ 8 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ኤፍኤፍ ስትሉት ክሪስታል ይጠብቃል፤ በ9 እና 10 እግሮች ላይ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና ሁለት የ22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ሳይኖር ይህን አትጻፉ።

ለአዲስ አበባ አጥብቄ የምመክረው ግን ተጨማሪውን ፊውዝ ነው። የመብራቱ ኃይል ቀስ እያለ ሲወርድና ሲወጣ፣ ቺፑ አልጠፋም አልበራም፤ በዚያ ግማሽ ሁኔታ ኢኢፕሮሙ ሊበላሽ ይችላል። በ5 ቮልት ለሚሠራ ሰሌዳ ተጨማሪውን ኤፍሲ አድርጉት፤ ኃይሉ ከ4.3 ቮልት ገደማ ሲወርድ ቺፑ ራሱን ያቆምና ሲመለስ በንጽሕና ይነሣል። ፓምፕ ሲነሣ ብርሃኑ በሚደበዝዝበት ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለ3.3 ቮልት ሰሌዳ ግን ኤፍሲን አትጻፉ፤ ቺፑ በጭራሽ አይነሣም። ለእርሱ ኤፍዲ ነው፤ መቆሚያው 2.7 ቮልት ይሆናል።

በተሳሳተ ፊውዝ የተቆለፈን ማዳን

ቺፑ ፊውዝ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ዝም ካለ፣ ምናልባት የሌለ ክሪስታል እየጠበቀ ነው። ክሪስታሉን ከሁለቱ ካፓሲተሮች ጋር ስጡት፤ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ይመልሳል። ክሪስታልም ካላስነሣው ከውጭ የሚመጣ ምት እየጠበቀ ይሆናል። ሌላ አርዱዊኖ ካላችሁ በውስጡ ባለው ቆጣሪ የ1 ሜጋኸርዝ አራት ማዕዘን ምት እንዲያወጣ አድርጉና ወደ ቺፑ 9ኛ እግር አስገቡ፤ ግራውንዱን አጋሩ፤ ትልቁን ቢ 30 አድርጋችሁ መለያውን ጠይቁ። ሲመልስ ዝቅተኛውን ፊውዝ ወደ 62 መልሱት።

አንዱ ግን በዚህ መንገድ አይድንም። በከፍተኛው ፊውዝ ውስጥ የሪሴትን እግር ወደ ተራ እግር የሚቀይር ቢት አለ። እርሱ ከበራ ፕሮግራመሩ የሚያንኳኳበት በር የለም፤ 12 ቮልት የሚጠቀም ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ያስፈልጋል፤ አትሜጋ328ፒም ከሰሌዳው መውጣት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ቺፕ እንኳ ገና አልሞተም፤ ስሙን ጽፋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

የተማሪውን ሰሌዳ ስናጠናቅቅ የፓምፑን ሽቦ ከመመለሳችን በፊት ሪሌዩን በ5 ቮልት ብቻ ደጋግመን አስነሣነው። ከዚያ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፍን። ላዩ ላይ የጻፍነው ይህ ነው፦ «328ፒ፣ ውስጣዊ 8 ሜጋኸርዝ። ዝቅተኛ ኢ2፣ ከፍተኛ ዲ1፣ ተጨማሪ ኤፍሲ። ትልቁ ቢ 10። ከመክፈትህ በፊት 220ውን ንቀል።»